ሃፍ ላይፍ የማይሠራበት ቦታ

ከኪኔቲክስ (የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት) ትምህርት ብዙ ተማሪ ይዞት የሚወጣው ሃፍ ላይፍን ብቻ ነው፤ «በየተወሰነ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል» የሚለውን። ይህ ለፈርስት ኦርደር፣ ማለትም ፍጥነቱ ከቀረው መጠን ጋር አብሮ ለሚቀንስ፣ እንጂ ለዜሮ ኦርደር፣ ማለትም መጠኑ ቢበዛም ቢያንስም ፍጥነቱ ለማይለወጥ፣ አይሆንም። መምህራንም ልዩነቱን በአንድ መስመር ቀመር ባያልፉት ጥሩ ነበር፤ ጉዳዩ ከፈተና ያልፋልና።

አልኮልን እንይ። ጉበት ውስጥ አልኮልን የሚሰብረው ኢንዛይም ገና በትንሽ መጠጥ ስለሚጨናነቅ፣ መጠጡ ቢበዛም ሥራው አይፈጥንም። ብዙ ሰው ላይ ከአንድ ሊትር ደም በሰዓት ከ0.10 እስከ 0.20 ግራም ይወገዳል። ማለቂያውን ለማወቅ መነሻውን መጠን ለፍጥነቱ ማካፈል ነው። ጠጥቶ ጨርሶ፣ መጠጡም ወደ ደሙ ገብቶ አልቆ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በሊትር 1.2 ግራም ያለው ሰው ፍጥነቱ 0.15 ከሆነ 8 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገና 0.3 ግራም አለው። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን ቁጥር አይነካውም።

በእጥፍ ቢጠጣስ? የመጀመሪያው ግማሽ የወረደው በ4 ሰዓት ስለሆነ፣ ሃፍ ላይፍ የለመደ ሰው «4 ሰዓት ብቻ ይጨምራል» ይላል። የሚጨምረው ግን 8 ሰዓት ነው፤ የሚያልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይሆናል። ዜሮ ኦርደር ላይ ሃፍ ላይፍ ከመነሻው መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ በአማካዩ ሳይሆን በዝግተኛው 0.10 ማስላት ይሻላል፤ ያኔ የመጀመሪያው 8 ሰዓት 12 ይሆናል።

ክፍል ውስጥ ነጥብ የሚያስጥለው ሌላ ነገር ነው። ሌላው የዜሮ ኦርደር ምሳሌ አሞኒያ ነው፤ በጋለ ፕላቲነም ላይ ሲበታተን ሁለት ሞለኪውል አሞኒያ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ይሰጣል። የሪአክሽኑ ኮንስታንት (ዜሮ ኦርደር ላይ ፍጥነቱ ራሱ) በሰከንድ በሊትር 0.00025 ሞል፣ መነሻው በሊትር 0.1 ሞል ቢሆን፣ ተማሪው ቶሎ ብሎ 400 ሰከንድ ይላል። አሞኒያ የሚያልቀው ግን በሪአክሽኑ ፍጥነት እጥፍ ነው፤ መልሱ 200 ሰከንድ ነው። ኮንስታንቱ የአሞኒያው የራሱ መቀነሻ ፍጥነት ተብሎ ከተሰጠ ብቻ ነው 400 የሚሆነው። ጥያቄ አውጪው የማን እንደሆነ ካልጻፈ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም።

ደግሞም «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል አታላይ ነው። መጠኑ ሲመናመን የፕላቲነሙ ገጽ ይራቆታል፣ ኢንዛይሙም ሥራ ይፈታል፤ ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው መስመር ጎበጥ ይልና ጭራው ይረዝማል። አልኮል ላይ ይህ የሚታየው በሊትር 0.2 ግራም አካባቢና ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ፈተናው «መቼ ያልቃል?» ከሚል «80 በመቶው መቼ ያልቃል?» ቢል ይሻላል፤ ለአሞኒያው 160 ሰከንድ።