እርማት፦ የባክቴሪያ መርዝ ሁሉ ለሰው የተዘጋጀ አይደለም

ወንድሜ፣ ከድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የሚገዛ የግመል ወተት ተፈልቶ ይጠጣ ማለትህ ትክክል ነው። «ባክቴሪያ መርዝ የሚሠራው ሰውን ለማጥቃት ነው» ያልከው ግን መታረም አለበት።

ብዙዎቹ መርዞች የሚነጣጠሩት በሌላ ባክቴሪያ ላይ ነው። ቤልጂየማዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ አንድሬ ግራሲያ በ1925 እ.ኤ.አ. አንዱ የኢ.ኮላይ (አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ አንዳንዱ ዓይነት በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ዝርያ ሌላውን ሲገድል ተመልክቷል፤ ገዳዩ ንጥረ ነገር ኋላ ኮሊሲን ተባለ። የሚገርመው፣ ኮሊሲን የምትለቀው ህዋስ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ፈንድታ ትሞታለች። የሚጠቀሙት ዘመዶቿ ናቸው፤ መርዙን የሚያከሽፍ ፕሮቲን ስላላቸው ጉዳት አይደርስባቸውም፣ ባዕዱ ግን ምግቡንም ቦታውንም ለቆላቸው ይሞታል።

ኮሌራን እንውሰድ፤ ሰው ሁሉ የሚያነሳው እሱን ነውና። ተቅማጡን የሚያመጣው መርዝ በእርግጥ የአንጀታችንን ህዋሳት ይነካል። ይኸው ባክቴሪያ ግን እንደ ጦር የሚወነጨፍ ሌላ መሣሪያም አለው፤ አጠገቡ ያለውን ባክቴሪያ ወግቶ መርዝ ያስገባበታል። በውኃ ውስጥ በጥቃቅን እንስሳት ቅርፊት ላይ ሲሰፍር ደግሞ ከገደለው ጎረቤቱ የፈሰሰውን ዘረመል ወስዶ የራሱ እስከማድረግ ይደርሳል። እዚያ ሰው የሚባል የለም።

የወተት ባክቴሪያ የሚሠራው ኒሲን እንዲያውም ለአይብ ማቆያነት ይውላል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው የረጋው ጥሬ ወተት ራሱን ያጸዳል» የሚል እንዳይነሳ፦ ኒሲን ብቻውን ኢ.ኮላይን እምብዛም አይጎዳም። ወተቱን አፍላው።