ሚልተን ለሁሉም እምነት ነፃነት አልጠየቀም

ስለ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን የቀረበው ጽሑፍ «ሚልተን ለሃይማኖት ሁሉ ነፃነት ተሟግቷል» ማለቱ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1644 የሕትመት ቅድመ ፈቃድን የተቃወመበት «አርዮፓጊቲካ» የተባለው ድርሰቱ ራሱ ካቶሊኮችን በግልጽ ከመቻቻሉ አስወጥቷቸዋል። በጽሑፉ ላይ «ግጥሙ ለክሮምዌል ማጎብደድ ነው» ያሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ ሚልተን ንጉሡን ላስወገደው የጦር መሪ ለኦሊቨር ክሮምዌል የጻፈውን የ1652ቱን ሶኔት (ባለ 14 መስመር ግጥም) እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ፊተኛዎቹ መስመሮች የጦር ድሉን ያወድሳሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን «የሕሊናን ነፃነት ከቅጥረኛ ተኩላዎች ጥፍር እናድን ዘንድ እርዳን» ብለው ይማጸኑታል። ተኩላ ያላቸው በመንግሥት ደመወዝ የሚሰብኩትን ነው፤ የፓርላማው ኮሚቴ ያን ሰሞን የሚመክረው በዚሁ ጉዳይ ነበርና። ልመና ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያም ጭምር ነው! ሶኔቱ በ1673ቱ የግጥም መድበሉ አልገባም፤ ንጉሣዊው አገዛዝ ተመልሶ ስለነበር ክሮምዌልን ማወደስ አደገኛ ነበር። የታተመው ባለቅኔው ካረፈ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1694 ነው።