ገባና ተቀመጠ፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ብሶት

ልጄ ያመጣችውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው የቤት ሥራ አብሬያት ስሠራ አምሽቼ፣ ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅም አልበርድ ስላለኝ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ትእዛዙ ሲያዩት የዋህ ነው፤ «የሚከተሉትን ነጠላ ዓረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው ቃል በማያያዝ ድርብ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ» ይላል። ጥያቄዎቹ 10 ናቸው። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ «ለመሆኑ እነዚህ ሁለቱ ለምን ይያያዛሉ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አንድም አላስታውስም።

መጀመሪያ ያንገበገበኝን ልናገር። ባለፈው ሳምንት ታርሞ በተመለሰው ደብተር ላይ፣ «ልጁ ገባ» እና «ልጁ ተቀመጠ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች «ኤንድ» በሚለው ቃል እንድታያይዝ ተጠይቃ «ዘ ቦይ ኬም ኢን፣ ኤንድ ሂ ሳት ዳውን» ብላ ጽፋለች። ሁለት ባለቤት አለ፤ ሁለት ግሥ አለ፤ በመካከላቸው ኮማና አያያዥ ቃል አለ፤ የጎደለ ነገር የለም። ይህ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ በላዩ «ዘ ቦይ ኬም ኢን ኤንድ ሳት ዳውን» ተብሎ ተተክቷል፤ ከጎኑም «ባለቤቱን አትድገሚ» የሚል ማሳሰቢያ ሰፍሯል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ድርብ ዓረፍተ ነገር ማለት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባለቤትና የራሳቸው ግሥ ያላቸው፣ ቢነጣጠሉም ለየብቻቸው መቆም የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሐሳቦች የተያያዙበት ዓረፍተ ነገር ነው። እርማቱ ላይ የተጻፈው ግን ባለቤቱ አንድ፣ ግሡ ሁለት የሆነ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በትምህርት ቤት የሰዋስው መጻሕፍት አመዳደብ መሠረት ደግሞ እንዲህ ያለው ነጠላ ዓረፍተ ነገር ይባላል። ልጄ የታዘዘችውን ድርብ ዓረፍተ ነገር ሠርታ ነበር፤ አራሚው ወደ ነጠላ መልሶ ነጥቧን ቀነሰባት።

መምህሩን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ትሑት ሰው ናቸው፤ በጥሞና አዳምጠውኝ ሲያበቁ «በመምህሩ መምሪያ ላይ ያለው መልስ ይህ ነው» አሉኝ። በጠረጴዛቸው ላይ የተቆለለውን ደብተር አይቼ ልወቅሳቸው አልቻልኩም። ቂሜ ከመምሪያው ጋር ነው።

ስህተቱ ለምን ለዓይናችን እንደማይጎረብጠን ሳስብ ግን ጥፋቱ በከፊል የገዛ ቋንቋችን ባሕርይ ሆኖ አገኘሁት። በአማርኛ «ገባና ተቀመጠ» ስንል ባለቤቱ በየግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገኝ፣ «ተቀመጠ» ብቻውን ቢቆምም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሳት ዳውን» ግን ብቻውን ሲቀር ማን እንደተቀመጠ አይናገርም፤ እንግሊዝኛ «ሂ» ወይም «ሺ» ካልተባለለት ባለቤቱን አያውቅም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ «ኬም ኢን ኤንድ ሳት ዳውን» የሚለውን ሲያይ ሁለት ሙሉ ሐሳብ ያየ ይመስለዋል። ይህን ልዩነት ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አምስቱን ደቂቃ የሰጠኝ ሰው ሳላገኝ ነው ያደግሁት።

የኮማው ጉዳይም ከዚሁ ይመዘዛል። የእኛ «ና» ከፊተኛው ግሥ ጭራ ላይ ትለጠፋለች፤ ትንፋሽ የምንወስደውም ከእርሷ በኋላ ነው፤ «ገባና... ተቀመጠ» እንላለን። የእንግሊዝኛው «ኤንድ» ግን ወገንተኛነቱ ለኋለኛው ሐሳብ ስለሆነ፣ ዕረፍቱም ኮማውም ከእርሱ በፊት ይመጣሉ። ልጆቻችን ከ«ኤንድ» እና ከ«በት» በኋላ ኮማ ሲደነቅሩ በቸልተኝነት ሳይሆን በአማርኛ ትንፋሽ እንግሊዝኛ ስለሚጽፉ ነው። ይህንን «የኮማ ስህተት» ብሎ በቀይ ማክበብ ቀላል ነው፤ ከየት እንደመጣ መንገር ግን ልማድ አልሆነም።

ከሁሉ የባሰው «ምንም እንኳ» ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢታመምም ግን ሄደ» ብንል ጆሮ አይቀየምም፤ ከፊትም ከኋላም ማሰሪያ ብናደርግ ቋንቋው ይሸከመዋል። ይህንኑ ቃል በቃል ወስደን «ኦልዞው ሂ ዋዝ ሲክ፣ በት ሂ ዌንት» ስንል ግን እንግሊዝኛው ይሰበራል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚፈቀደው። «ኦልዞው» ከቀረ ድርብ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ «በት» ከቀረ ደግሞ አንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ ጥገኛ የሆነበት ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ን አብሮ ማስገባትም ያው ነው። እኔ ይህን ስህተት ከሥራ ማመልከቻ ደብዳቤዬ ላይ ያወጣልኝ አንድ ባልደረባዬ ነው፤ ያን ያህል ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ፣ ያን ያህል «አያይዙ» ሠርቼ።

አሁን ወደ ቅንፉ ልመለስ፤ ዋናው ብሶቴ እዚያ ውስጥ ነውና። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ማያያዝ ማለት በመካከላቸው ያለውን ዝምድና መፍረድ ማለት ነው። «ዝናብ ዘነበ» እና «ወጣን» የሚሉትን ውሰዱ። «ዝናብ ዘነበ፣ ነገር ግን ወጣን» ካልን ዝናቡ እንቅፋት ነበር፤ እኛም እንቢ ብለን ወጣን። «ዝናብ ዘነበ፣ ስለዚህ ወጣን» ካልን ደግሞ ዝናብ ሲናፍቁ የቆዩ ሰዎች ሆንን ማለት ነው። «ዝናብ ዘነበና ወጣን» ካልን ፍርዱን ለአንባቢ ትተን ዝም አልን። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ያው ናቸው፤ ታሪኩ ግን ሦስት ጊዜ ተለወጠ። መልመጃው ቃሉን በቅንፍ አስቀምጦ ሲሰጥ ተማሪው ሊያስብበት የሚገባውን ብቸኛ ነገር ቀድሞ አስቦለት፣ ለእርሱ የሚተርፈው ነጥቡን አጥፍቶ ቃሉን መሰካት ነው። ይህ የሰዋስው ትምህርት ሳይሆን የሙጫ ሥራ ነው።

ሰባቱን አያያዥ ቃላት የምናስተምርበት መንገድም ከዚህ አይሻልም። የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን ገጣጥመው «ፋንቦይስ» የሚል መጠሪያ አውጥተውላቸዋል፤ «ፎር»፣ «ኤንድ»፣ «ኖር»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «ዬት»፣ «ሶ» ናቸው። ለማስታወስ ይመቻል፤ አልክድም። ነገር ግን ልጆቹ ሰባቱንም እኩል ክብደት ያላቸው ወንድማማቾች አድርገው ይሸመድዷቸዋል። «ፎር» በዚህ አገልግሎቱ «ምክንያቱም» ማለት ሆኖ፣ ዛሬ በዕለት ንግግር ብዙም የማይሰማ፣ የመጻሕፍት ጠረን ያለው ቃል ነው፤ ልጄ ግን ለጓደኛዋ በምትጽፈው መልእክት ውስጥ ልትጠቀምበት ስትሞክር ደርሼባታለሁ። «ኖር» ደግሞ የባሰ አመለኛ ነው፤ በተለምዶ ከፊቱ አሉታዊ ሐሳብ ይፈልጋል፤ ከኋላው ደግሞ የቃላቱን ተራ ይገለብጣል። «አያጨስም፤ አይጠጣምም» ለማለት «ሂ ዳዝ ኖት ስሞክ፣ ኖር ዳዝ ሂ ድሪንክ» ይባላል፤ ጥያቄ ሳይሆን የጥያቄ ቅርጽ ይይዛል። በልጄ የቤት ሥራ ላይ 4ኛው ጥያቄ «ኖር»ን በቅንፍ አስቀምጦ፣ ስለ ግልበጣው በገጹ ላይ አንድም ቃል ሳይተነፍስ አልፏል። ልጄ ሳትገለብጥ ጻፈች። ማን ነግሯት ትገልብጥ?

«ሀውኤቨር» እና «ዜርፎር» ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል። በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ውስጥ «ሀውኤቨር» ከ«በት» ጎን «ነገር ግን» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ተማሪውም ሁለቱን እያለዋወጠ በኮማ ብቻ ያያይዛቸዋል፤ ከዚያም «ኮማ ስፕላይስ» የሚባል ኃጢአት ፈጽመሃል ይባላል። «በት» አያያዥ ቃል ነው፤ «ሀውኤቨር» ግን ተውሳከ ግሥ ነው፤ ሁለት ሙሉ ሐሳቦችን በራሱ ጉልበት ማሰር አይችልም፤ ከፊቱ ሴሚኮለን (;) ወይም ነጥብ ያስፈልገዋል። የሚገርመው ይህን ለእኛ ማስረዳት ከማንም በላይ ቀላል መሆኑ ነው። የእኛው «ግን» እኮ እንዲሁ ተንሸራታች ነው፤ «እኔ ግን አልሄድኩም» እንላለን፤ ከዓረፍተ ነገሩ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። «ሀውኤቨር»ም እንዲሁ መካከል ይገባል፤ «በት» ግን ከሐሳቡ ራስ ንቅንቅ አይልም። በጠባዩ የ«ግን» ዘመድ «ሀውኤቨር» እንጂ «በት» አይደለም ብለው ቢነግሩን ኖሮ፣ «አይ በት ዲድ ኖት ጎ» እያልን ስንቶቻችን መሳቂያ ባልሆንን ነበር።

ሴሚኮለንማ ጭራሽ እንደ ምሥጢር ተይዟል። ይህ ምልክት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቬኒስ በአልዱስ ማኑቲየስ ማተሚያ ቤት ወደ ኅትመት የገባ ነው፤ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ሥራው ያለ አያያዥ ቃል ሁለት ተቀራራቢ ሙሉ ሐሳቦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? ድርብ ሰረዛችን ይህንኑ ሥራ ሲሠራልን የኖረ ነው፤ ይህን ብሶት እንኳ ያለ እርሱ አንድ አንቀጽ ልገፋ አልቻልኩም። ልጄ በአንዱ ጥያቄ ላይ ሴሚኮለን ብትጠቀም «ገና አልተማርንም» ተብሎ ተሰረዘባት። ያልተማሩትን በትክክል መጠቀም ከመቼ ጀምሮ ነው ነጥብ የሚያስቀንሰው?

ድርቡን ከውስብስቡ የሚለይበትን ዘዴም ያስተማረን የለም፤ ዝርዝር ነው ያሸመደዱን። ዘዴው ግን ቀላል ነው። በ«ቢኮዝ» የሚጀምረውን ክፍል ከዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ ማምጣት ይቻላል፤ «ቢኮዝ ሂ ዋዝ ታየርድ፣ ሂ ስሌፕት» ትክክል ነው። «ሶ»ን ወደ ፊት አምጥታችሁ «ሶ ሂ ስሌፕት፣ ሂ ዋዝ ታየርድ» ብትሉ ግን «ስለደከመው ተኛ» የሚለው ትርጉም ይጠፋል። ወደ ፊት መምጣት የሚችለው ጥገኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ውስብስብ ይባላል። ከመካከል የማይነሳው እኩል አያያዥ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ድርብ ነው። ልጄ ይህን በሦስት ምሳሌ ገባት፤ ገብቷት ሲያበቃ «አባዬ፣ ታዲያ ለምን እንዲህ አይሉንም?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

የማያያዝ መልመጃው ሌላም ጠንቅ አለው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁሉ የተሻለ ዓረፍተ ነገር ነው የሚል እምነት ጥሎ ያልፋል። አማርኛ «ተነሥታ፣ ታጥባ፣ ለብሳ፣ ቁርሷን በልታ ወጣች» እያለ ድርጊትን በድርጊት ላይ ሲደረድር ያምርበታል፤ የመጨረሻው ግሥ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም በትዕግሥት ይጠብቃል። ይህንኑ ሰንሰለት በ«ኤንድ» ላይ «ኤንድ» እየደረቡ ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግሩት ግን አንባቢው መሐል መንገድ ላይ ይደክመዋል። ለዚህ ነው ማያያዝን የሚያስተምር መልመጃ መለያየትንም ማስተማር ያለበት። የተያያዘውን ፍቱ፣ በነጥብም ለዩ የሚል የቤት ሥራ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ዛሬ ማታ እስከ 9ኛው ጥያቄ ድረስ በትዕግሥት ሄድን። 10ኛው እንዲህ ይላል፦ «ዝሆን ትልቅ እንስሳ ነው። እህቴ ሰማያዊ ቀለም ትወዳለች።» በቅንፍ ውስጥ ያለው ቃል «ዬት» ነው፤ «ይሁን እንጂ» ማለት። ልጄ እርሳሷን አፏ ውስጥ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ ዝሆኑ ትልቅ መሆኑ እህትዮዋን ሰማያዊ ከመውደድ እንዴት ሊከለክላት እንደሚችል ጠየቀችኝ። የመልስ መምሪያው ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም፤ ነጥቡን አጥፍቶ «ዬት»ን መሰካት ነው። «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እንደነበሩ፣ እያንዳንዳቸውን በየነጥባቸው፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጣ ደብተሯን ዘጋች። እኔም አላስለወጥኳትም።