ቆማ የበላችኝ መኪና

ዛሬ ይህን ብሶት ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተ ሳትሉኝ ግን ራሴው ልበለው፤ አዎ፣ የጥጋበኛ ለቅሶ ነው። ስፖርት መኪና ገዝቶ «ዋጋዋ ወረደብኝ» ለሚል ሰው ማን ያዝንለታል? ማንም። አትዘኑልኝ። ከፈለጋችሁ ስደቡኝ፤ ብቻ አንብባችሁ ጨርሱና ስደቡኝ።

የገዛኋት ከ5 ዓመት በፊት ነው። አዲስ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ያልተነሳ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት የምትልስ፣ ሞተሯ ሲነሳ ጎረቤት የምትቀሰቅስ። የስንት ዓመት ልፋቴን እንዳስረከብኩባት እኔና ባንኬ እናውቃለን። ስገዛት ታዲያ አንድ ነገር በልቤ ይዣለሁ፦ ካልነዳኋት ዋጋዋ አይወርድም። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም። እኔው ፈጥሬ እኔው ሳላምነው አልቀረሁም።

እናም አልነዳኋትም። ዝናብ ካለ አትወጣም። አቧራ ካለ አትወጣም። መንገድ ከተጨናነቀ ሰው ይገጨኛል፣ አትወጣም። ፀሐይ ከበረታ ቀለሟ ይደበዝዛል፣ አትወጣም። «ታዲያ መቼ ልትወጣ ነው?» ትለኝ ነበር ባለቤቴ። ሥራ የምመላለሰው በአሮጌዋ መኪናዬ ነው፤ እመቤቲቱ ሸራ ለብሳ ትተኛለች። በ5 ዓመት የሄደችው 7,400 ኪሎሜትር ነው። ለቀን ሲካፈል 4 ኪሎሜትር። በእግሬ የምሄደው ይበልጣል።

ባለፈው ወር ልሸጣት ወሰንኩ። መጀመሪያ የመጣው ገዢ ዙሪያዋን ዞረና ኪሎሜትሯን አየ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ፤ አሁን ይደነግጣል ብዬ። ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ለምን ቆመች? ምን ሆና ነው?»

እንዴት ምን ሆና ነው? ሳስቼላት ነዋ! እሱ ግን አላመነኝም። ብዙ የቆመች መኪና ወይ ተጋጭታለች፣ ወይ አስቸግራለች ብሎ ነው የሚያስበው። 5 ዓመት የሳሳሁለት ነገር ጥርጣሬ ሆኖ ተመለሰልኝ።

ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት ጎማዎቹን ማየት ጀመረ። ለማታውቁት፣ ጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ፣ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። የእኔዎቹ ጥርሳቸው ገና አላለቀም፤ ጎማ ግን ሳይሄድም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ አንድ ቦታ ብዙ ከቆመ መሬት የነካው በኩል ጠፍጠፍ ይላል፤ ስትነዱት መሪው ይንቀጠቀጣል። «ጥርሱ አለ፣ ጎማው ግን ሞቷል» አለኝ ሰውዬው። አራቱም ይቀየራሉ። የስፖርት መኪና ጎማ ደግሞ ዋጋው እንደ ተራ መኪና ጎማ አይደለም፣ ባታነሱብኝ ይሻላል።

ከዚያ ሞተሯን ላሰማው ስል አልነሳም አለች። ባትሪ። ማታ ፈትሼያት ነበር እኮ! ግን ይቺ መኪና ተኝታም አትተኛም፤ የስርቆት ማስጠንቀቂያው፣ ኮምፒውተሮቿ፣ ቁልፉን የሚያዳምጠው ምን ምን ሁሉ፣ ቆማ ባትሪ ስትጠጣ ታድራለች። ለዚህ ነው አምራቾቹ ራሳቸው ቆማ የምትሰነብት ከሆነ ቻርጀር ላይ ሰኳት የሚሉት። መኪና ገዝቼ እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተክያት እኖራለሁ።

ሌላም አለ። የሞተር ዘይት ብዙ ባትሄዱም በየዓመቱ ይቀየራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ገደማ ይቀየራል፣ ነዳህ አልነዳህ አይልም። ታንክ ውስጥ ወራት የቆየ ቤንዚን ይበላሻል፤ ኢታኖል (ቤንዚን ላይ የሚደባለቅ አልኮል) ያለበት ከሆነ ደግሞ ውኃ ይስባል። ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ይደርቅና ማንጠባጠብ ይጀምራል። አንዳንድ የድሮ ፌራሪዎችማ፣ ለምሳሌ ኤፍ355፣ የሞተሩን ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች እኩል የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በየጥቂት ዓመቱ ለመቀየር ሞተሩ ራሱ ከመኪናው ይወርዳል። አንድ ቺንጋ ለመቀየር! ቺንጋው ደግሞ ዕድሜውን የሚቆጥረው በኪሎሜትር ብቻ አይደለም፣ በዓመትም ጭምር ነው። የእንዲህ ዓይነቷ ፌራሪ ባለቤት ሸራ ስር ደብቆ ሲያስቀምጣት የቀን መቁጠሪያው ከሸራው ስር አብሯት ነበር።

የእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ቺንጋ የላትም። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር ግን የሚሰጡኝ ሂሳብ የአዲስ መኪና ባለቤት ሂሳብ ነው። የመኪናዋ ዋጋ በግማሽ ሲወርድ የመለዋወጫዋ ዋጋ አብሮ አይወርድም። ለዚህ ነው ሁለተኛ እጅ ገዢው የሚሸሸው፤ መግዣው ቢኖረው ማኖሪያው ያስፈራዋል። ዋስትናዋ ያለቀ ዕለት ደግሞ ጭራሽ ስልክ የሚደውልም ይጠፋል።

ሰውዬው የሰጠኝን ዋጋ ልንገራችሁ? ከከፈልኩት 46 በመቶ። ከግማሽ በታች። የሒሳብ ሰዎች «የእርጅና ቅናሽ» ይሉታል። የምን እርጅና ነው? መቼ ኖረችና!

ቤት ገብቼ ለአንድ ኪሎሜትር ስንት እንደከሰርኩ አሰላሁ። ባላሰላው ይሻለኝ ነበር። ያንኑ ርቀት በአውሮፕላን በአንደኛ ማዕረግ ብመላለስ ይረክስልኝ ነበር፤ ምግብም ይሰጡኛል።

አሁን ዋናው የሚያቃጥለኝ ጋ ልምጣ። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ያንኑ ሞዴል፣ በዚያው ዓመት፣ ቀለሙ ብቻ ይለያል። እሱ በየቀኑ ነው የሚነዳት። ሥራ ይሄድባታል፣ ገበያ ይሄድባታል፣ ዝናብ ላይ ያያችኋት እንደሆነ እስከ መስኮቷ ጭቃ ናት። ሳገኘው «ኧረ ምን ነካህ፣ መኪናዋን ገደልካት» እለው ነበር፤ እሱ ይስቃል። ከኔ ጥቂት ቀደም ብሎ 58,000 ኪሎሜትር ላይ ሸጣት። የተሸጠችበትን ነገረኝ። እኔ ከተሰጠኝ ላይ የጎማና የጥገናውን ስቀንስ፣ የሁለታችን ልዩነት ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም። ከእኔ 50 ሺህ ኪሎሜትር አብልጦ ነዳ፤ እኔ ሸራ አጠብኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እኔ ነኝ።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከረፈደ መሆኑ ነው። ለካ ገበያው ከኪሎሜትሩ በፊት የሚያየው ዓመቱን ነው። አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ብዙ ጊዜ ከዋጋዋ አንድ አምስተኛ ያህል ታጣለች፣ ቅንጦት ሲሆን ይብሳል። ለካርቦን ፋይበሩ፣ ለልዩ ስፌቱ፣ ለቀዩ የፍሬን ካሊፐር (ከውጭ በጎማው በኩል ለሚታየው የፍሬን መያዣ) የጨመርኩትን ገንዘብማ ማንም ሊመልስልኝ አይፈልግም። (ቀዩን ካሊፐር ለምን እንዳዘዝኩ ዛሬም አልገባኝም። የማየው እኔ አይደለሁ፣ እኔ ውስጥ ነኝ።)

በዚያ ላይ አምራቹ አዲስ ሞዴል ያወጣል። ማክላረን 12ሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ ገባች፣ በ2014 ደግሞ 650ኤስ መጣችና 12ሲ የትናንት ሆነች። የ12ሲ ዋጋ ተንሸራተተ። ባለቤቱ ነድቷት ይሁን ሸራ አልብሷት አዲሷ አትጠይቅም። ዲቃላ (በነዳጅም በባትሪም የሚሄዱ) እና ኤሌክትሪክ የሆኑት ደግሞ ተጨማሪ ፍርሃት አለባቸው፤ ትልቁ ባትሪ ካረጀ ማን ይከፍላል የሚል። ፖርሸ ታይካንን የመሰለች የኤሌክትሪክ መኪና ሁለተኛ እጅ ላይ ስትወርድ ያየ ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ጋ አንዱ ተነስቶ «ፌራሪ ኤፍ40 እኮ ዋጋዋ ጨምሯል» ይለኛል። አውቃለሁ! እሷ የተሠራችው 1,300 ገደማ ብቻ ነው። ፖርሸ ካሬራ ጂቲ 1,270 ገደማ። ሌክሰስ ኤልኤፍኤ 500 ብቻ፤ እሷም ራሷ ስትወጣ ገዢ አጥታ አንዳንዶቹ ማሳያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ቆመዋል፣ ዛሬ ግን አይቀመሱም። የእነሱ ዋጋ የጨመረው ስለቆሙ አይደለም፣ ስለማይገኙ ነው። የኔዋ ፋብሪካ ግን ዛሬም እያመረተ ነው። እኔ የእነሱን ታሪክ ሰምቼ የኔዋንም ቅርስ አደረግኳት። ሙዚየም ከፍቼ ጎብኚም ጠባቂም እኔው ነበርኩ።

የሚገርመው፣ ሻጩ ያኔ ሲሸጥልኝ «ይህማ ኢንቨስትመንት ነው» ብሎኝ ነበር። አሁን መልሰህ ግዛኝ ስለው ከሁሉም ያነሰውን ዋጋ የሰጠኝ እሱ ነው። ፊቱ ላይ እፍረት እንኳ የለም። ቡና ጋበዘኝ።

ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል። ቻርጀሩን ሰክቻለሁ፣ አጥቤያታለሁ። ማታ ላይ ባለቤቴን «ነይ እስኪ ተነሽ፣ ሳትሄድ አንድ ጊዜ ራቅ አድርገን እንንዳት» አልኳት። ከሶፋው ሳትነሳ አየችኝና ምን አለችኝ?

«ተው፣ ኪሎሜትር ይጨምራል።»