የአበሻ ዶሮ አክሳሪ ናት ያለው ማነው?

ሰሞኑን በእኛ አካባቢ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ ተነስቶ «የአበሻ ዶሮ አክሳሪ ናት፤ በፈረንጅ ዶሮ እንተካት» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ማስረጃው እንቁላል ነው። የአበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትጥላለች፤ የፈረንጇ በደንብ ከተያዘች 250 ታልፋለች። ይሁን። ቀጥሎ ያለው ግን የባሰ ነው፦ «21 ቀን ታቅፋ ጊዜ ታባክናለች።» ታባክናለች! በዚያ 21 ቀን እኮ ጫጩት እየፈለፈለች ነው። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ እንዲህ አታደርግም። ስታረጅ ተተኪዋን በብር ትገዛለህ። ያቺን ጫጩት የፈለፈለው ማሽን ደግሞ መብራት ይፈልጋል።

ሒሳብ ከተባለ ሒሳቡን ሙሉውን እንሥራው። እንቁላል ጣይ የፈረንጅ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። በዓመት 40 ኪሎ፣ ለአንዲት ዶሮ! እናቴ ለዶሮዎቿ መኖ ገዝታ አታውቅም። ጠዋት በሩን ስትከፍት ከቆጥ ይወርዳሉ። ጓሮውን ጭረው፣ ትልና ምስጥ ለቅመው፣ ከሰፌዷ የወደቀውን እንክርዳድ በልተው ማታ ይገባሉ። እንቁላሉን ቅዳሜ ገበያ ወስዳ ጨው፣ ዘይትና ደብተር ትገዛበታለች። አውራውን ለፋሲካ ታቆየዋለች። አባቴን ሳታስፈቅድ የምትሸጠው ሀብቷ ይሄው ብቻ ነው። መኖ በኩንታል ይገዛ ሲባል ብሩ የሚጠየቀው ከአባቴ ኪስ ነው። ያኔ ዶሮዎቹም የእሱ ይሆናሉ። ይህን የትኛው የእንቁላል ቆጠራ ያሳያል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

ከተማ ዳር መኖ ገዝቶ የሚያረባ ሰው በፈረንጅ ዶሮ ይጠቀም። አልቃወምም። የገጠሯን ሴት ግን ተዉአት።

የአበሻ ዶሮን የሚያከስራት ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ ጠዋት ቆጡ ሥር 7 ዶሮ ወድቆ አገኘች። የአንዳንዶቹ አንገት ተጣሟል። መሬቱ ላይ አረንጓዴ ኩስ ነበር። ጎረቤት ይህን ሲሰማ የራሱን ዶሮዎች ጠፍሮ ገበያ ሮጠ። በሽታውም አብሮት ሄደ።

ክትባቱ እኮ ከውጭ አይጠበቅም፤ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሙቀት የሚችል፣ በዓይን የሚጠባም አለ። ችግሩ ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የታሸገ መሆኑ ነው። ከተበጠበጠ ደግሞ አይቆይም። 6 ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ምን ታድርገው? መንደሩን በአንድ ቀን ጠርቶ ማስከተብ የማን ሥራ ነው? የዚያው ባለሙያ ነው!

ዝርያ ይሻሻል ከተባለም መንገድ አለ። የደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ተመራማሪዎች ሆሮ የምትባለውን የወለጋ ዶሮ ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ እንቁላሏን ጨምረዋል። የአገሩን ዶሮ ሳይጥሉ ነው ያደረጉት።

በዚያ ስብሰባ ስለ ፈንግል አንድም ቃል አልተነሳም። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።