ወንበሩን ልገልብጠው ስል ለምን ትቆጣላችሁ?

ኧረ ተዉ የጎንደር አሮጌ ዕቃ ሻጮች! አንድ ወንበር መግዛት እንዲህ መከራ ይሁን?

ሶፋ አልጠየቅኋችሁ። ቡፌ አልጠየቅኋችሁ። ለምግብ ጠረጴዛዬና ለመኝታ ቤቴ ጥግ የሚሆኑ፣ ክንድ ማሳረፊያ የሌላቸው፣ ዕድሜ የጠገቡ የእንጨት ወንበሮች ነው የፈለግሁት። አዲሱንማ የትም አገኘዋለሁ። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ ቺፑድ ነው። ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ትንሽ ወፈር ያለ እንግዳ ሲቀመጥበት ይንቋቋል። አሮጌ ያማረኝ ለፎቶ አይደለም። ስንቱን ሰው ተሸክሞ እስከ ዛሬ ካልተሰበረ እኔንም ይችለኛል ብዬ ነው።

ግን እናንተ ጋ ወንበር አይሸጥም። የሚሸጠው ታሪክ ነው።

"የጣልያን ጊዜ ነው።" ይቺን ያልሰማ ጎንደሬ ካለ እጁን ያውጣ። ወንበሩ የጣልያን ጊዜ፣ ሰዓቱ የጣልያን ጊዜ፣ የተሰነጠቀው መስታወት የጣልያን ጊዜ። ጣልያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም.። ቢደመር ስድስት ዓመት አይሞላም። በዚያች ጊዜ ፒያሳን ሠራ፣ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ሠራ፣ መንገድ ጠረገ፣ በላዩም ከአርበኛ ጋር ሲታኮስ ከረመ። በእናንተ አነጋገር ከሆነማ ሌሊት ሌሊት ወንበር ሲጠርብ ነው ያደረው። ከዚያ ዘመን የቀረ ወንበር የለም አልልም። ይኖራል። በየሱቁ ሃያ ሃያ ተደርድሮ ግን አይኖርም።

ደግሞስ እውነት የጣልያን ጊዜ ቢሆን? በዓለም ገበያ አንድ ዕቃ አንቲክ ለመባል አብዛኛውን ጊዜ 100 ዓመት ይጠየቃል። ከዚያ በታች ያለውን ቪንቴጅ ይሉታል። የጣልያኑ ገና አልደረሰም። ለእኔ ግድ የለኝም፣ ቪንቴጅ ይሁን! በጃንሆይ ጊዜ ከዋንዛ የተሠራ ደህና ወንበር ብታመጡልኝ እመርቃችኋለሁ። ብቻ ዋጋውን በምኒልክ ዘመን ሒሳብ አትጥሩብኝ።

የባሰ አለ። አንዱ "የአፄ ፋሲል ዘመን ነው" አለኝ፣ ፊቱ ላይ ሳቅ ሳይታይ። እንጨቱን ሳየው ባሕር ዛፍ! ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም.። በመሃሉ ከ200 ዓመት በላይ አለ። "ታዲያ ፋሲል እንጨቱን ከየት አመጡት?" ብዬ ብጠይቀው "ልትገዛ ነው ልትከራከር የመጣኸው?" ብሎ ገላመጠኝ። ለሁለቱም ነዋ ወንድሜ!

ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይሄ ከገዳም የወጣ ነው" ይላል። ዋጋ የሚጨምርለት መስሎት። ልብ በሉ፣ እውነት ከሆነ ወንጀል ነው፣ ውሸት ከሆነ ማጭበርበር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወጣው ለጌጥ መሰላችሁ? እንዲህ ያለውን ሰው በጊዜ "ደህና ዋል" ብሎ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልምጣ። ወንበሩን ገልብጬ ሥሩን ልየው ስል ነው ፊት የሚለዋወጠው። "አታምነኝም?" ይባላል። ኧረ እንዴት ላምንህ! ከላይማ ያሳመርከው አንተ ነህ። እውነቱ ያለው ከመቀመጫው ሥር ነው፣ ማንም ቀለም ሊቀባው የማይደክምበት ቦታ። በእውነት ያረጀ እንጨት ሥሩ ደረቅ ነው፣ ቀለሙም እኩል አይደለም፣ አየር ያገኘው ጠቁሮ የተሸፈነው ቀላ ብሎ ይታያል። በቡና አተላና በጭስ የተጠቆረው ግን እጥፋቱ ውስጥ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ብታሹት እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ከዚያ የመጋዙን ምልክት እዩ። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት ላይ የሚቀረው ጭረት ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፣ ርቀቱም ይዘበራረቃል። የማሽኑ ክብ መጋዝ ግን የቀስት ቅርጽ ያለው ጭረት ይተዋል። "አያቴ በምሳር የጠረበው" የተባለ ወንበር ሥር ቀስት ቀስት ካያችሁ አያትየው ጄኔሬተር ነበራቸው ማለት ነው።

ቪቴውም ይናገራል። በኮከብ ካቻቪቴ የሚፈታው ቪቴ ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ውስጥ ነው። የምኒልክ ዘመን በተባለ ወንበር ላይ አራት እግሩም በኮከብ ቪቴ ታስሮ ባየው ምን ልበል? አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ በኋላ የተጠገነ ነው እላለሁ፣ ጥገና ነውር የለበትም። አራቱም ከሆነ ግን አብሮት የተወለደ ነው።

በመነካካት ብዛት የት የት እንዳለቀም ተመልከቱ። ሰው ሲቀመጥ እግሩን የሚያሳርፈው ከፊት ባለው ማያያዣ እንጨት ላይ ነው። ሲነሳ የሚይዘው የመደገፊያውን ጫፍ ነው። እውነተኛ ወንበር የሚያልቀው እዚያ ነው። አስመሳዩ በብርጭቆ ወረቀት ከላይ እስከ ታች እኩል ይፍቀዋል፣ ሰው እጁ በማይደርስበት ቦታ ሳይቀር። ሆ! ይህንን ማን ነው ሲዳብሰው የኖረው?

የነቀዘ እንጨትም ይሸጡላችኋል። ቀዳዳ መኖሩ ብቻ አያስፈራም፣ አሮጌ እንጨት ላይ ይኖራል። መሬት ላይ አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ አሳርፉት። ነጭ ዱቄት ከረገፈ ተባዩ አሁንም ውስጥ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ቤታችሁ ይዛችሁት ከገባችሁ ለበሩም ለቁምሳጥኑም ይተርፋል። ሻጩ "የዕድሜው ምልክት ነው" ይላችኋል። የምሳው ምልክት ነው እንጂ።

ቤት ያለውስ ችግር? እናቴ ይህን ፍለጋዬን ስትሰማ "ሰው ዕቃ ይገዛል፣ የእኔ ልጅ ማገዶ ይገዛል" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራችብኝ። ንዴቴ ግን በቀልዷ አይደለም። የአያቴን ወንበሮች ማን አባቱ እንደወሰዳቸው ስጠይቃት "እነዚያ አሮጌዎች? ለተስካር ጠላ ሲጠመቅ ማገዶ አልቆ ፈለጥናቸው" አለችኝ። ዋንዛ! በእጅ የተጠረበ! ለጠላ! ምን እላለሁ፣ እናት ናት፣ ዝም አልኩ። እናንተ ላይ ነው የምጮኸው።

ጓዳ ውስጥ ሲወረወር ቆሻሻ የነበረው ወንበር፣ አንድ ሰው "ስንት ነው?" ያለ ዕለት ቅርስ ይሆናል። እዚያው ዓይኔ እያየ ዋጋው እጥፍ ሲሆን አይቻለሁ። ምን ተጨመረበት? የእኔ ጥያቄ ብቻ።

ቁመቱን ለክታችሁ ግዙ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። የምግብ ጠረጴዛ ባብዛኛው 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወንበሩ መቀመጫው ጋ ወደ 45 መሆን አለበት። የድሮ ወንበሮቻችን ብዙዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ የተሠሩት ለመሶብና ለቡና ነዋ። ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡባቸው አገጫችሁ ሳህን ይነካል። እግሩን በጣውላ ልቀጥልልህ የሚል አናጢ ካገኛችሁ ሮጣችሁ አምልጡ።

አናጢ ካልኩ ዘንድ፣ "ላሳምርልህ" የምትሉ አናጢዎች እባካችሁ አታሳምሩልኝ! የተላቀቀ እግር እንዲጠግንልኝ የሰጠሁት ሰው መላጊያ አንስቶ የስንት ዓመት የሰው እጅ ያወዛውን ፊቱን ጠርጎ ጣለው። በላዩ ወፍራም ቫርኒሽ ደፋበት። መጋጠሚያው ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሚስማር። እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ሚስማሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ እንጨቱ ይሰነጠቃል። እኔ የፈለግሁት ቀላል ነገር ነበር። መጋጠሚያውን ፈታ፣ የድሮውን ኮላ ፋቅ፣ አዲስ ኮላ ቀባ፣ በገመድ ጠፍሮ እስኪደርቅ ማሳደር። "ይሄማ ሥራ አይደለም" አለኝ። ሒሳቡን ግን የሠራ ሰው ያህል ተቀበለ።

አሁን መቀመጫው በጠፍር የተወጠረ አንድ ወንበር አግኝቻለሁ። ገልብጬ አይቼዋለሁ፣ ባለቤቷም አልተቆጡም፣ ጭራሽ "እየው ልጄ፣ እየው" አሉኝ። እንጨቱ ጤነኛ ነው። ጠፍሩ ግን ደርቆ ግማሹ ተበጥሷል። ቆዳውን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ እርጥቡን ወጥሮ፣ ሲደርቅ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ሰው ነው የምፈልገው። አዘዞም ይሁን ቅዳሜ ገበያ፣ የትም ይሁን፣ የምታውቁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ። "ጠፍሩ ይቅርና ስፖንጅ ላድርግልህ" የሚል ከሆነ ግን አትላኩብኝ።