ፊልሙን አቋርጦ ስለሚወጣው ተመልካች

መጪውን ዘመን ጨለማ አድርገው የሚያሳዩ፣ ዲስቶፒያ የሚባሉ ፊልሞች በአንድ አዳራሽ የተቀመጡ ሰዎችን ለሁለት ይከፍላሉ። አንዱ ወገን ፊልሙ ካበቃ በኋላም ከመቀመጫው መነሣት ያቅተዋል፤ ሌላው ገና እኩሌታው ላይ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያያል፣ ጥቂቱም አቋርጦ ይወጣል። በጎተ ኢንስቲትዩትም ሆነ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴ የሚታዩ ፊልሞችን የሚከታተል ሰው፣ ከዚያ በኋላ በአራት ኪሎና በፒያሳ ካፌዎች የሚቀጥለውን ክርክር ያውቀዋል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋጨው «እሱ እኮ ፊልም አይገባውም» በሚል ፍርድ ነው። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። አቋርጠው ከወጡት መካከል ብዙዎቹ ፊልሙ በሚገባ የገባቸው ሰዎች ናቸው፤ የወጡትም የሚያሳያቸው ነገር ከሚያውቁት በላይ አልሄድ ስላላቸው ነው።

በእነዚህ ፊልሞች የፍጻሜ ምልክት ሆኖ የሚቀርበውን ነገር ልብ ብለን እንየው። መብራት ይጠፋል፤ ሰዎች ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ፤ መንገድ በኬላ ይዘጋል፤ መታወቂያ ያልያዘ መንገደኛ ከመኪና ይወርዳል፤ ኢንተርኔት ይቋረጣል። ለስቶክሆልም ወይም ለቶሮንቶ ተመልካች ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ነው፤ የለመደው ኑሮ በምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንደተንጠለጠለ ሲያይ መደንገጡም ተገቢ ነው። የሰፈሩን የውሃ ፈረቃ በቃሉ ለያዘ የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ጀሪካኑ የረቡዕ ጉዳይ ነው። እንዲህ ባለው ትዕይንት ላይ አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ ሰምቻለሁ፤ ሳቁን ካለመሠልጠን የቆጠሩት ደግሞ ቤታቸው ትልቅ የውሃ ታንከር ያላቸው ይመስሉኛል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄደ ሰው፣ በስክሪን ላይ የፈረሰ ከተማ ሲያይ የሚሰማው ስሜት የካሜራውን አያያዝ ብቻ ከሚያደንቀው ጎረቤቱ ስሜት ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ሆኖም ሰው ከሚያውቀው መከራ ሁልጊዜ ይሸሻል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የስቲቨን ሶደርበርግ «ኮንቴጅን» ስለ ወረርሽኝ የሚተርክ ፊልም ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኮቪድ-19 ዓለምን ሲያዳርስ በቤቱ የተዘጋው ሕዝብ ደጁ ላይ የቆመውን ነገር በስክሪን ለማየት ገንዘብ እየከፈለ ፈለገው። ምክንያቱ የተሰወረ አይመስለኝም። ፊልሙ ሞትን ብቻ አያሳይም፤ ቫይረሱ ከሌሊት ወፍ ወደ አሳማ፣ ከአሳማ ወደ ሰው እንዴት እንደተሻገረ፣ ከእጅ ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ ሌላ እጅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ በመጨረሻም የተገኘው ክትባት በልደት ቀን ዕጣ እንዴት እንደሚታደል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ፍርሃት የያዘው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የመጣበት ነገር ከየት እንደተነሣና በምን መንገድ እንደሚሄድ ማወቅ።

የታይላንድም ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ወታደሩ ሥልጣን ሲይዝ፣ ተቃዋሚዎች በጨቋኝ መንግሥት ላይ የተነሣ ዓመፅን ከሚተርኩት የ«ዘ ሀንገር ጌምስ» ፊልሞች የወሰዱትን የሦስት ጣት ሰላምታ አደባባይ ላይ ማሳየት ጀመሩ፤ ምልክቱን ያሳዩ ሰዎችም ተይዘዋል። በሌላ አገር ወጣቶች ከፈንዲሻ ጋር ተመልክተውት የወጡትን ፊልም፣ የባንኮክ ወጣቶች የሚሠሩበት ነገር አገኙበት። ስለዚህ ለጨለማው ቅርብ የሆነ ተመልካች ስክሪኑን የሚጠይቀው ከሩቁ ተመልካች የተለየ ነው፤ የጨለማውን መኖር ማንም እንዲነግረው አያሻውም፤ ምክንያቱን፣ አሠራሩን፣ ቢቻል ደግሞ በውስጡ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማየት ይፈልጋል።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ሥር አለው። አረጋውያን ስለ ዘመኑ ክፋት ሲያወሩ «ስምንተኛው ሺህ» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ከዚያም በስተጀርባ «ፍካሬ ኢየሱስ» አለ። በዚያ ትንቢት ፍትሕ ይጎድላል፣ ረኀብና ጦርነት ይበዛል፤ ነገር ግን መከራው በሰው ኃጢአት የመጣ ነው፣ ከእርሱም በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል። ደጃች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንን ስም መምረጣቸው፣ ትረካው በሕዝቡ ልብ ምን ያህል ተተክሎ እንደነበር ያሳያል። በቸርችል ጎዳና አናት በስማቸው በተሰየመው አደባባይ አጠገብ ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ማለቱን ሳስብ ፈገግ እላለሁ፤ ያኔ የሚያስፈራው መሣሪያው ራሱ ነበር፣ የሚያሳየው ታሪክ ገና አልደረሰም። ያም ሆነ ይህ፣ በዚህ ትረካ ያደገ ሰው ሴቶች ሁሉ መውለድ ያቆሙበትን ዓለም የሚያሳየውን የአልፎንሶ ኩዋሮንን «ችልድረን ኦቭ ሜን» ሲመለከት «ምን ሠርተው ነው እንዲህ የሆኑት?» ብሎ ቢጠይቅ አይደንቅም። ፊልሙ የመካንነቱን ምክንያት ሳይናገር ያልፋል። ፊልም እናውቃለን የሚሉ ሰዎች በጥያቄው ይስቃሉ፤ እኔ ግን ከሥነ ምግባር የመነጨ፣ መልስ የሚገባው ጥያቄ ይመስለኛል።

ይህን ፊልም የምወደው ለዚያ ጥያቄ ሌላ ዓይነት መልስ ስላለው ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2027 በብሪታንያ ሲሆን፣ ስደተኞች በባቡር ጣቢያ በብረት አጥር ውስጥ ታጉረው ይታያሉ፤ መካንነቱ ከየትም ይምጣ፣ አጥሩን የሠራው ማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው። ልጇ በሊቢያ በኩል የሄደባት እናት ይህን ትዕይንት አይታ ፊቷን ብታዞር፣ አልገባትም የሚል ደፋር ማን ነው? ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ያስገባው ወደ 70 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ቢቢሲ 177 ሃያስያንን ጠይቆ ባወጣው የ21ኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር 13ኛ ሆነ። ከፊልሙ አንዲት ምስል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአውሮፓና የአሜሪካ ተመልካች በየማታው ዜና የሚያየው ነገር ነበር፤ እነርሱም ወደ አጥሩ ቀረቡ።

ለዚህም ነው የመጀመሪያ ሳምንት ገቢንም ሆነ የሙከራ ተመልካቾችን አስተያየት እንደ ፍርድ የማልቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1982 የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ረነር» ለሙከራ ታይቶ ሰዎች ግራ ሲገባቸው፣ ስቱዲዮው የሚያብራራ ድምፅና በለምለም ተራራ መካከል የሚያልቅ አስደሳች መጨረሻ ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ቅጂ ሁለቱም ተነሡ፤ ዛሬ የሚወደሰውም ያለ እነርሱ ያለው ነው።

የአገራችን ፕሮዲውሰሮች «ሕዝቡ በቂ መከራ አለው፣ የሚያስቅ ነው የሚፈልገው» ሲሉ የሚሰነዝሩት መከራከሪያ ግማሹ እውነት ነው። የሲኒማ ቤቶቻችን በፍቅር ኮሜዲ መሞላት ከንቀት የመጣ ነው አልልም፤ ለቲኬት የከፈለ ሰው ሁለት ሰዓት የማረፍ መብት አለው። ግማሹ ግን ሐሰት ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የደርግን ዘመን እልቂትና የምሁሩን ስብራት ሳያለዝብ ያቀረበ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል፤ ስለ ፊልሙ ሲነሣ እስካሁን ድረስ ሰው የሚከራከረው «ለምን እንዲህ ሆንን?» በሚለው ላይ ነው። ጨለማው ምክንያት አለውና ተመልካች አይሸሸውም። በአንጻሩ አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎቻችን ለውጭ ፌስቲቫል ሲሉ የሚሠሯቸው፣ ከልቅሶና ከአቧራ በቀር ምንም የሌላቸው አጫጭር ፊልሞች ይበልጥ ያሳስቡኛል። እዚህ ለማንም አዲስ ነገር የማይነግር ጨለማ፣ ሩቅ ላለ ዳኛ ብርቅ ስለሆነ ብቻ ጥልቅ ተብሎ ይሸለማል።

የፊልም ክበብ አዘጋጆች ከፊልሙ በኋላ ውይይት ማድረጋቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የሚናገሩት እስከ መጨረሻው የተቀመጡት ብቻ ናቸው። አቋርጠው የወጡትንም በር ላይ ቢጠይቋቸው ስለ ፊልሙ የሚሰሙት ነገር ይበዛ ነበር። ከእነርሱም መካከል በቅሬታ ያልወጡ፣ ታክሲ እንዳያመልጣቸው የተነሡ ብዙዎች ናቸው፤ ውይይቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ አዳራሹ ውስጥ የሚቀረው መኪና ያለው ሰው ነው፣ የፈረሰ ከተማ ውበት ላይ የሚደረገው ንግግርም የእርሱ ብቻ ይሆናል። ፊልሙን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጀመር ለአዘጋጆቹ ምንም ወጪ የለውም።